ከቂሊንጦ እስከ ኮዬ ፈጬ፦ የቴክኖሎጂ ማኅበረሰብ አባል መሆን ምን ይጠይቃል?

የቴክኖሎጂ ሥልጠና ዛሬ ብርቅ አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የጀመረችው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች (የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች) መርሐ ግብር ኢንተርኔት ያለው ሁሉ በነፃ እንዲማር በር ከፍቷል። ኮርሱን የጨረሰ ሰርተፊኬት ያገኛል። መልካም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኮርሱን የጨረሰችው ልጅ ቅዳሜ ጠዋት የማይሠራ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ይዛ የት ትሄዳለች? የኤሌክትሪክ መለኪያውን መልቲሜትር ከማን ትዋሳለች? «እስቲ አሳዪኝ፣ የቱ ጋ ነው ያስቸገረሽ?» ብሎ አጠገቧ የሚቀመጠው ማነው?

በአዲስ አበባ ዳር ባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ የሚኖር ሰው መልሱን ያውቀዋል። የትም አትሄድም። ቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ሰርተፊኬቱ ስልኳ ላይ ይቀራል።

ልጅቷ ሰንፋ አይደለም። ቦታው ነው የሚፈርድባት። አይስአዲስ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ሲጀምር ለቴክኖሎጂ ወጣቶች መሰባሰቢያ በመሆን ፈር ቀዳጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከፍተዋል። አብዛኞቹ ግን መሀል ከተማ ናቸው። ከተማው ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በኮንዶሚኒየም አማካኝነት ወደ ዳር ሄዷል። ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ መሀል ከተማ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ታክሲ መያዝ አለ። ሰልፉ አለ። የመመለሻው ሐሳብ አለ። አንድ ቀን ለትልቅ ዝግጅት ይኬዳል፤ በየሳምንቱ ግን አይኬድም። በየሳምንቱ የማይመጣ ሰው ደግሞ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

የሚቆጨው፣ ዳር ከተማው ባዶ አለመሆኑ ነው። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያለው ቂሊንጦ ነው። የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው አካባቢ ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ወደ አቃቂ ወረድ ሲሉ የድሮ ፋብሪካዎች፣ የብረታ ብረት ሥራዎች፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአገሪቱ ቀዳሚ የውሃ ኃይል ማመንጫ አባ ሳሙኤልም አለ። በኮንዶሚኒየሞቹ ሥርና በየሼዱ ደግሞ ብየዳ ቤት፣ ሞባይል ጥገና፣ ዲሽ ሠሪ፣ ጋራዥ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሞልተዋል። ትምህርቱም እጁም በአንድ ሰፈር ይኖራሉ። አይተዋወቁም እንጂ።

ሥልጠና የሚያዘጋጅ አካል ማስታወቂያ ሲያወጣ የሚጠራው ተማሪና ተመራቂ ነው። የብየዳ ቤቱን በር የሚያንኳኳ የለም። በያጁም ራሱን የዚህ ወገን አድርጎ አይቆጥርም። «እሱ የተማሩት ነገር ነው» ይላል። ይሄ አጥር እስካልፈረሰ ድረስ በዳር ከተማ የሚቋቋም ማንኛውም የቴክኖሎጂ ስብስብ ግማሽ አካል ይዞ ነው የሚሄደው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደምል በምጣድ ላስረዳ።

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ ሼድ ውስጥ ምጣድ የሚሠሩ ሰውዬ አሉ። የሸክላውን ጀርባ ዙሪያውን ይቦረቡሩና ጥቅልሉን ሽቦ ይዘረጉበታል። በጀሶ ይደፍኑታል። ከሥሩ ቆርቆሮ አልብሰው እግር ያቆሙለታል። አንዲት የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪ ልምምድ ልታይ መጥታ አጠገባቸው ቆማለች። ሽቦውን በክንዳቸው ለክተው ሲሶውን በፒንሳ ቆረጡት።

«ጋሼ፣ ለምን ያሳጥሩታል?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ እዚህ ሰፈር ጠዋት ጠዋት መብራቱ ደካማ ነው። ሁሉም እንጀራ የሚጋግረው በዚያ ሰዓት ነው። ሙሉውን ሽቦ ካስገባሁ ምጣዱ አይግልም። እንጀራው ዓይን አያወጣም። ደንበኛዬ የምትወቅሰው እኔን ነው።»

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ማስላት ጀመረች። በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ሽቦው ለኤሌክትሪኩ ያለው ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) 14 ኦም ገደማ ነው። የሚስበው 16 አምፔር ያህል ነው። የተለመደው ሶኬትም የሚችለው ያንኑ ነው። ቮልቴጁ ወደ 180 ሲወርድ የቀነሰው 18 በመቶ ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ግን ወደ 2,340 ዋት ይወርዳል። ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ኃይል የሚለዋወጠው ከቮልቴጁ ካሬ፣ ማለትም በራሱ ከተባዛው ቮልቴጅ፣ ጋር ስለሆነ ነው። ሰውዬው ይሄን ቀመር አልተማሩም። ግን የቆረጡት በትክክል ሲሶውን ነው። በዓመታት ልምድ ልኩን አግኝተውታል።

ልጅቷ ግን እሳቸው ያላዩትን አየች። ያጠረው ሽቦ በ180 ቮልት 3,500 ዋት ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ መብራቱ ወደ 220 ሲመለስስ? ያው ምጣድ 5,200 ዋት ይሆናል። 24 አምፔር ይስባል። ጠዋትም ቢሆን ከ19 አምፔር አያንስም። ባለ 16 አምፔር ሶኬት ይሄን አይሸከምም። ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ገመዱ ይግላል። ሰውዬው ዝም ብለው አሰቡና «ለካ ለዚያ ነው ሶኬት የሚያቀልጡብኝ፤ እኔ የሶኬቱ ጥራት ይመስለኝ ነበር» አሉ።

እሷም መፍትሔ አቀረበች። ሽቦው አይቆረጥ። ሲሶው ላይ ሌላ ጫፍ ይውጣና በማብሪያ ማጥፊያ ይለዋወጥ፤ ጠዋት አጭሩ፣ ከሰዓት ሙሉው። በወረቀት ላይ ንጹሕ ሐሳብ ነው። ሰውዬው ግን ወዲያው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያኛው ሲሶ ቀዝቅዞ ይቀራላ! እንጀራው በአንድ በኩል በስሎ በአንድ በኩል ሊጥ ይሆናል።» ልክ ናቸው። እሳቸው ሽቦውን ሲያሳጥሩ ጥቅልሉን ስበው ሙሉውን ቦይ ያዳርሱታል። በማብሪያ የተቆረጠ ሽቦ ግን እንዲያ አይደረግም።

በዚያ ቀን የተስማሙት ሶኬቱን መተው ላይ ነው። ምጣዱ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ከ25 አምፔር ብሬከር ጋር በቀጥታ ይያያዛል፤ ያውም የቤቱ መስመር እንደሚችል ከታየ በኋላ። ይሄ ቃጠሎውን ይከላከላል። የምጣዱን ከመጠን በላይ መጋል ግን አይፈታም። ለዚያ ቮልቴጁን እያነበበ ኃይሉን የሚመጥን አነስተኛ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። ልጅቷ እሱን ልትሞክር ሄደች። አልጨረሰችውም። የመጀመሪያው ሙከራዋ ምጣዱ አጠገብ ባለው ሙቀት ተበላሽቷል። ተመልሳ መጥታ የተበላሸውን አሳየቻቸው። የመቆጣጠሪያው ሳጥን የት ቢቀመጥ ሙቀት እንደማያገኘው የነገሯት እሳቸው ናቸው።

አባልነት ለእኔ ይሄ ተመልሶ መምጣት ነው። የተበላሸውን ይዞ፣ ሳያፍሩ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ብቻ ብትቀር ቀዝቃዛውን ሲሶ የሚነግራት አልነበረም። ሼዱም ያለ እሷ ሶኬት ማቅለጡን ይቀጥል ነበር።

የውጭውን ታሪክም ስናይ ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1975 በካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ፣ በአንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብን ጀመሩ። ክለቡ የራሱ ማሽን አልነበረውም። ሰው የሠራውን ይዞ ይመጣል፣ ያሳያል፣ ይጠይቃል። ስቲቭ ዎዝኒያክ የመጀመሪያውን የአፕል ኮምፒውተር ያሳየው እዚያ ነው። ንድፉንም ለአባላቱ በነፃ ያድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያችው ሜንሎ ፓርክ ቴክሾፕ የሚባል ድርጅት ተከፈተ። ይሄኛው ማሽን ሞልቶታል፤ ሌዘር መቁረጫ አለ፣ ቶርኖ አለ፣ ዕቃን በቅርጹ የሚያትም ስሪዲ ፕሪንተር አለ። በየወሩ እየከፈልክ ትጠቀማለህ። በርካታ ቅርንጫፎች አወጣ። ኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ግን በድንገት ኪሳራ አውጆ ተዘጋ። አባል ሲባሉ የነበሩት ሰዎች በማግስቱ በሩ ተቆልፎ አገኙት። ቀድሞውንም ደንበኞች ነበሩ። ቤቱ የእነሱ አልነበረም፤ ሊያድኑት የሚችሉበት መንገድም አልነበራቸውም።

ለእኛ ይሄ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። የእኛ ስብስቦች ብዙውን ጊዜ የሚቆሙት በወርኃዊ ክፍያ ሳይሆን በእርዳታ ነው። ማሽኑ ይመጣል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያልቅ ስሪዲ ፕሪንተሩ ቁምሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ንብረት ክፍሉ ስለሚጠየቅበት ማንም እንዲነካው አይፈልግም። ለመማሪያ የመጣ ዕቃ እንዳይበላሽ ተብሎ ሳይሠራ ያረጃል። ይሄን ሳስብ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

እድርን እንይ። የእድር አባል መሆንህ የሚታወቀው ስትቀር ነው። «ምነው ቀረህ? ደህና አይደለህም?» የሚል ሰው አለ፣ ካስፈለገም ቅጣት አለ። የቴክኖሎጂ ስብስብም ሦስት ቅዳሜ የጠፋችውን ልጅ ደውሎ የሚጠይቅ ሰው ከሌለው ማኅበረሰብ ነኝ ሊል አይችልም። መዋጮው ትንሽ ይሁን፤ ግን ይኑር። ሰው ያዋጣበትን ነገር ይጠብቃል።

ደግሞ ጊዜው ራሱ በጋራ መያዝን ግድ ብሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ኢኤስፒ32 የሚባለው፣ ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ ዓለም ገበያ ላይ ጥቂት ዶላር ነው። በሻንጣ ከዱባይ ወይም ከቻይና ገብቶ፣ መርካቶ ደርሶ፣ ትርፍ ተጨምሮበት ሲሸጥ ግን ለተማሪ ከባድ ነው። ፒንሳና ካቻቢቴ እያንዳንዱ ይግዛ። የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ ግን ማን ለብቻው ይገዛል? አንድ ለሠላሳ ሰው ይበቃል፤ ሠላሳው ከተስማማ።

ዕቃ በጋራ ከተያዘ ደግሞ መበላሸቱ አይቀርም። ብዙ ቦታ ያለው ደንብ «ያበላሸ ይክፈል» ነው። ፍትሐዊ ይመስላል። ውጤቱ ግን ገንዘብ የሌለው ልጅ ዕቃውን እንዳይነካ ማድረግ ነው። ገንዘብ ያለው ብቻ ይሞክራል፣ እሱ ብቻ ይማራል። እኔ ብሆን መተኪያው ከጋራ ሣጥን እንዲወጣ አደርጋለሁ። ያቃጠለው ሰው ግን በሚቀጥለው ስብሰባ እንዴት እንዳቃጠለው ለሁሉም ያሳይ። ሠላሳው ሰው አንድ ጊዜ በተቃጠለ ቦርድ ይማራል።

ሁሉም ነገር አዲስ መገዛትም የለበትም። ቁራሌው በየሰፈሩ የሚሰበስበው የሞተ ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ ውስጥ ሞተር፣ ትራንስፎርመርና ባትሪ አለ። የመርካቶው ምናለሽ ተራ ሥራው ይሄው ነው፤ የተጣለውን መልሶ ዕቃ ማድረግ። ሎሜ፣ ቶጎ ውስጥ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ2013 ከተጣሉ ኮምፒውተሮችና ፕሪንተሮች አካል ስሪዲ ፕሪንተር ሠርተዋል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከላፕቶፕ የሚወጡት የሊቲየም ባትሪዎች እያንዳንዳቸው ከ4.2 ቮልት በላይ ከተሞሉ እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ። የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ሳይኖር ቤትህ ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ስለ አደጋ ካነሳን አይቀር፣ ጋራዦቹን መርሳት አይቻልም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና በዳር ከተማው መንገድም ተለምዷል። ዕድሜውን በካርቡሬተርና በፒስተን ያሳለፈ መካኒክ አሁን ከ300 ቮልት በላይ የሆነ ባትሪ በሩ ላይ ይመጣለታል። ይሄ ቮልቴጅ ያለ ጓንት፣ ያለ ትክክለኛ መሣሪያ የነካውን ሰው ይገድላል። መካኒኩ መኪናውን ያውቃል፣ ተማሪው ኤሌክትሮኒክሱን ያውቃል። ሁለቱ እንዲቀመጡ የሚያደርግ ቦታ ካልተፈጠረ፣ ሙከራው የሚደረገው በሰው ሕይወት ላይ ነው።

የስብሰባው ሰዓትም ማን አባል እንደሚሆን ይወስናል። መሀል ከተማ የለመዱት ዝግጅት ከሥራ በኋላ፣ ማታ 12 ሰዓት ይጀምራል። ኮዬ ፈጬ በዚያ ሰዓት ታክሲ መጥፋት የሚጀምርበት ነው። ከፌርማታው እስከ ብሎኩ ያለው መንገድ ጨለማ ነው። ወላጅ ሴት ልጁን «ቅሪ» ይላል፤ ልክም ነው። ከዚያ «ሴቶች ለቴክኖሎጂ ፍላጎት የላቸውም» የሚል ይመጣል። ፍላጎቱማ አለ። ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ይሁንና ይታይ። በምጣድ የምትጋግረው፣ ሊጡን የምታቦካው፣ ሽቦው ሲበጠስ ቀድማ የምታውቀው ማን ሆነችና! ያቺ ባለሙያ ጠረጴዛው ላይ የሌለችበት የምጣድ መቆጣጠሪያ ለማን ነው የሚሠራው?

ቋንቋውም እንደዚያው። በዳር ከተማው አማርኛም አፋን ኦሮሞም ይነገራል። ኮንዶሚኒየሙ ከመቆሙ በፊት መሬቱን ያርሱ የነበሩ ቤተሰቦች ልጆች እዚያው ጎረቤት አሉ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የደኅንነት መመሪያ በሁለቱም ቋንቋ ካልተጻፈ፣ ማስታወቂያው በሁለቱም ካልተነገረ፣ እነዚህን ልጆች ማንም ሳያባርራቸው ውጭ ቀርተዋል።

ሕጉ አይከለክልም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አምስት ሰዎችና ከዚያ በላይ ሆነው ማኅበር እንዲመሠርቱ፣ ለዓላማቸው ማስፈጸሚያም የገቢ ማስገኛ ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል። ስለዚህ የሼዱ ባለሙያዎችና ተማሪዎች ዕቃውን በራሳቸው ስም መያዝ ይችላሉ። እርዳታ ቢመጣም ንብረቱ የማኅበሩ ይሆናል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ አይወሰድም።

የሚቀረው ትልቁ ነገር የዩኒቨርሲቲ በር ነው። መታወቂያ የሌለው አይገባም፤ ደኅንነት ስለሆነ እረዳለሁ። ግን በወር አንድ ቅዳሜ፣ በተመዘገበ ስም፣ ምጣድ ሠሪውና መካኒኩ ቤተ ሙከራ ገብተው ዕቃቸውን ቢለኩ ምን ይጎድላል? በሌላው ቅዳሜ ደግሞ ተማሪዎቹ ሼድ ይውረዱ። ቁልፉ ማን ጋ ይሁን የሚለው ላይ ግን አንድ አቋም አለኝ። ተማሪ አምስት ዓመት ቆይቶ ይመረቃል፤ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። እንዲህ ያሉ ክበቦች የሚፈርሱትም ብዙውን ጊዜ ጠንካራዎቹ ልጆች በተመረቁበት ክረምት ነው። ምጣድ ሠሪው ግን በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ሼድ ውስጥ ናቸው። የዕቃው መዝገብና አንደኛው ቁልፍ እሳቸው ጋ ይቀመጥ፤ ሁለተኛውን በየዓመቱ የሚመረጥ ተማሪ ይያዘው።